ቶሮንቶ ደረቅ፣ ቡፋሎ ነጭ፦ የሐይቅ በረዶ ከየት ይመጣል?

ገና ዋዜማ ካናዳ፣ ቶሮንቶ አስቀድሰን ድንበር ተሻግረን አሜሪካ ወዳለችው ቡፋሎ እየተመለስን ነበር። ቅዳሴው አልቆ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ተባብሎ መኪና ውስጥ ስንገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። መንገዱ ግን ደረቅ ነው። ሰማዩም ጥርት ብሎ ኮከብ ይቆጠርበታል።

ልጆቹ ሃሚልተን ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሴንት ካተሪንስን አለፍን፤ ናያግራንም አለፍን። ፎርት ኢሪ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ከፊታችን ግድግዳ ቆሞ አየን። ሌላ ቃል የለኝም። ከመሬት እስከ ሰማይ የተገተረ ነጭ ግድግዳ ነው። ገባንበት። መንገዱ፣ ምልክቱ፣ ከፊታችን ይሄድ የነበረው የጭነት መኪና፣ ሁሉም ባንዴ ጠፋ። መስኮቱን ከፍቼ የመንገዱን ጠርዝ በዓይኔ እየፈለግሁ እንደ ኤሊ መሄድ ጀመርኩ። ድንበሩ ላይ ካለው ድልድይ እስከ ቤታችን በሌላ ቀን 15 ደቂቃ ነው። ያን ሌሊት ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ቤት ገብተን ልጆቹን ካስተኛን በኋላ ባለቤቴ ጠየቀችኝ። «ብርዱ እዚያም እዚህም አንድ ነው። እነሱ ጋ ጠብ ያላለ በረዶ እኛ ጋ ከየት መጣ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ በረዶን ከብርድ ጋር እናያይዘዋለን። በጣም ከበረደ በጣም ይጥላል ብለን እናስባለን። ቡፋሎ፣ ሲራክዩስ፣ ኢሪ ከተማና ክሊቭላንድ አካባቢ ላለን ሰዎች ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እኛን የሚቀብረን በረዶ የሚሠራው በብርዱ ብቻ አይደለም። የሚሠራው በሐይቁ ሙቀት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የአየር ትንበያውን በትክክል ማንበብ አይችልም። ዓለም ሲሞቅ በረዶው ይቀንሳል ብሎም በከንቱ ይጠብቃል።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ኢሪ ሐይቅ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይከርምና ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ እኛ ጃኬትና ጓንት ለብሰን ስንንቀጠቀጥ የሐይቁ ውሃ ገና ከዜሮ በላይ 6 እና 7 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ቀዝቃዛ ነው። ከካናዳ ሰሜን ለሚወርደው አየር ግን ውሃው እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት ነው። ደረቁና ቀዝቃዛው አየር በሐይቁ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይሞቃል፣ እንፋሎትም ይጠጣል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ደመናው የባሕር ዳርቻ ሲረግጥ ሸክሙን ያራግፋል።

የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ለዚህ አንድ መለኪያ አላቸው። በሐይቁ ውሃና ከሐይቁ በላይ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለው አየር መካከል ቢያንስ የ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት መኖር አለበት ይላሉ። ውሃው 5 ዲግሪ ከሆነ ላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 8 ወይም ከዚያ በላይ መውረድ አለበት ማለት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ደመናው ይጎለብታል። አንዳንዴ እንዲያውም በረዶ እየጣለ ነጎድጓድ ይሰማል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው የሆነ ነገር የፈነዳ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃላችን ትንሽ ልበል። አማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ጥጥ የሚዘንበውንም በረዶ ይላል። አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፤ በወሬ ግን አይሰማም። «ክረምት» ካልን ደግሞ አገር ቤት ያለ ሰው ሐምሌና ነሐሴን ያስባል። የእኛ መከራ የሚበረታው ግን እነሱ ገናና ጥምቀትን በጠራራ ፀሐይ ሲያከብሩ ነው። እናቴ ስትደውል «ዝናቡ አቆመ ወይ?» ትለኛለች። በረዶ ማለቷ ነው። እንዲህ ዓይነቱን በረዶ እዚህ ያሉት አበሾች ሁሉ «ሌክ ኢፌክት» ነው የሚሉት፤ እኔም እንደዚያው ልበል።

አሁን ወደ ባለቤቴ ጥያቄ እንመለስ። ለምን ቡፋሎ እንጂ ቶሮንቶ አይደለም?

መልሱ የነፋሱ አቅጣጫና የሐይቁ ቅርጽ ነው። ኢሪ ሐይቅ 388 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በሰፊው በኩል ግን ከ92 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የቆዳ ስፋቱ የጣናን ሰባት ስምንት እጥፍ ይሆናል። የተኛውም ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምስራቅ ነው። በሰሜን ምስራቁ ጫፍ ላይ ያለችው ከተማ ማን ናት? ቡፋሎ። ስለዚህ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲነሳ የሐይቁን ቁመት በሙሉ እየተጓዘ፣ ውሃ እየጠጣ መጥቶ እኛ ላይ ያርፋል። ቶሮንቶ ደግሞ ከኦንታሪዮ ሐይቅ በስተሰሜን ነች። የብርድ ወራት ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ የሚደርሳት በየብስ ላይ አልፎ ነው። ሐይቁን የሚያገኘው እሷን ካለፈ በኋላ ነው። ከኦንታሪዮ ላይ የተቀዳው በረዶ ሲራክዩስና በሰሜኗ ያለው የተግ ሂል ደጋ ላይ ይወርዳል።

ቁጥሩን ብታዩት ይገርማል። ቡፋሎ ላይ በአማካይ በዓመት 2.4 ሜትር ገደማ በረዶ ይወርዳል። ሲራክዩስ ከ3 ሜትር በላይ ታገኛለች። ተግ ሂል ላይ ከ5 ሜትር የሚበልጥበት ቦታ አለ። ምክንያቱም ደመናው ሐይቁን አልፎ ዳገት ሲወጣ እንደገና ይጨመቃል። ቶሮንቶ የቡፋሎን ግማሽ ገደማ ታገኛለች። በአየር መስመር በመካከላቸው ያለው 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻም አይደለም። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ብርድ የጃፓንን ባሕር ተሻግሮ የጃፓንን ምዕራባዊ ዳርቻ የሚቀብረው በዚሁ መንገድ ነው። ኢስታንቡል ላይ አልፎ አልፎ የሚወርደው ከባድ በረዶም ከጥቁር ባሕር የተቀዳ ነው።

የሌክ ኢፌክት ትልቁ ጣጣ ግን ብዛቱ አይደለም፤ ጠባብነቱ ነው። ነፋሱ በሐይቁ ቁመት ሲነፍስ ከሁለቱም ዳርቻ የሚመጣው አየር መሃል ላይ ይገናኛል። ደመናው ተሰብስቦ አንድ ጠባብ ቀበቶ ይሠራል። ስፋቱ አንዳንዴ ከ10 እና 20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቀበቶው ሥር ያለ ሰው በሰዓት 5፣ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጥልበት ከቀበቶው ውጪ ያለው ፀሐይ ይሞቃል። ነፋሱ ጥቂት ዲግሪ ዞር ሲል ቀበቶው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይሄዳል።

ኖቬምበር 2014 ላይ ይህ በግልጽ ታየ። ከቡፋሎ በስተደቡብና በስተምስራቅ ያሉ ሰፈሮች ከ1.5 ሜትር በላይ በረዶ ወረደባቸው። በር ከፍተው መውጣት ያቃታቸው ነበሩ። ሀይዌይ ላይ መኪና ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ከ10 በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ሰዓት የከተማዋ ሰሜን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር ያገኘው። ሰዎች ቡና ቤት ቁጭ ብለው በስተደቡብ የቆመውን ነጭ ግድግዳ እያዩ ፎቶ ያነሱት ነበር። ኖቬምበር 2022 ላይ ደግሞ ኦርቻርድ ፓርክና ሃምበርግ ላይ 2 ሜትር ገደማ ወረደ። የቡፋሎ ቢልስ ቡድን በሜዳው ሊጫወት የነበረውን ጨዋታ ዲትሮይት ሄዶ ተጫወተ።

ስለዚህ «ቡፋሎ ዛሬ ይጥላል» የሚለው ዜና ብዙ አይጠቅምም። የእኔ ሰፈር ወይስ የእህቴ? የቤቴ መንገድ ወይስ የሥራ ቦታዬ? ጥያቄው ይህ ነው። ስልኬ ላይ የማየው የከተማዋን ትንበያ አይደለም። የነፋሱን አቅጣጫና ራዳሩ ላይ ቀበቶው የት እንደተኛ ነው። አዲስ ለሚመጡ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ሐይቁ ሲረጋስ? ኢሪ ከአምስቱ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ሁሉ ጥልቀቱ ያነሰ ነው። በአማካይ 19 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ ይረጋል። ኦንታሪዮ በአማካይ 86 ሜትር ስለሚጠልቅ ሙሉ በሙሉ ሲረጋ አይታይም ማለት ይቻላል። ሲራክዩስ ዊንተሩን ሙሉ የማታርፈውም ለዚህ ነው። ኢሪ ሲረጋ ግን እንፋሎቱ ይቆማል። ድስቱ ተከደነ ማለት ነው። ፌብሩዋሪ ላይ እፎይ የምንለው ለዚህ ነው።

ይህ ግን ሁሌ አይሠራም። ጃንዋሪ 28, 1977 የጀመረውን አውሎ ነፋስ የከተማዋ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። በዚያ ዓመት ሐይቁ ገና ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ረግቶ ነበር። ሰው ተገላገልን ብሎ ነበር። ሆኖም ለሳምንታት የወረደው በረዶ በተጋገረው ሐይቅ ላይ ተከምሮ ቆይቷል። ነፋሱ ሲመጣ ያን ሁሉ አንስቶ ከተማዋ ላይ ደፋው። በእነዚያ ቀናት ከሰማይ የወረደው አዲስ በረዶ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የተቆለለው ግን ቤት ያህል ነበር። 29 ሰው ሞተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ዓለም እየሞቀ ነው ይባላል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ በረዶ ምንድነው?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣም ይነሳል። አንዳንዱ የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ለመሆኑ ማስረጃ ያደርገዋል። እዚህ ግን በረዶው ተቃራኒውን ነው የሚመሰክረው። ሐይቁ ሲሞቅ በውሃውና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ውሃው ዘግይቶ ይረጋል፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይረጋም። ድስቱ ሳይከደን ይቆያል። በዚያ ላይ አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው እንፋሎት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

በታላላቅ ሐይቆች ላይ የሚጋገረው በረዶ ከ1973 ጀምሮ ይለካል። በዓመቱ ትልቁ ሽፋን በየ10 ዓመቱ ወደ 5 በመቶ ሲቀንስ ቆይቷል። ፌብሩዋሪ 2024 አጋማሽ ላይ፣ ሐይቆቹ በብዛት መርጋት በሚገባቸው ሰዓት፣ ከአምስቱም ላይ የረጋው ከ3 በመቶ በታች ነበር። ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ኢሪ አብዛኛው ረግቶ ነበር። አቅጣጫው ግን ይታወቃል። ብርዱ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ፣ ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር እስካለ ድረስ፣ ያልረጋ ሐይቅ በረዶ ያመርታል። ሙቀቱ ብዙ ሲጨምር የሚወርደው ዝናብ ይሆናል። እስከዚያው ግን አንዱ ሳምንት ልጆች በሹራብ የሚወጡበት፣ ቀጣዩ ጣሪያ የሚያስጎነብስ ይሆናል። በረዶው በአንድ ቀን ሲቀልጥ ደግሞ ምድር ቤቱ ውሃ ይሞላል።

ዲሴምበር 23, 2022 የጀመረውን ሳስታውስ አሁንም ልቤ ይከብዳል። ጠዋት ላይ ዝናብ ነበር፤ ሙቀቱም ከዜሮ በላይ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ወረደ። አንድ ትልቅ አውሎ ነፋስ አህጉሩን ሲያቋርጥ ከሐይቁ በረዶ ጋር ተጋጠመ። ነፋሱ ሲበረታ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍስ ነበር። ምንም የማይታይበት ሁኔታ 37 ሰዓት ቆየ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ 1.3 ሜትር ወረደ። አምቡላንሶችና የእሳት አደጋ መኪናዎች ራሳቸው ተቀበሩ። ቡፋሎ ባለችበት በኢሪ ካውንቲ ብቻ 47 ሰው ሞተ።

የሞቱትን ሰዎች ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ውጭ በእግር ሲሄዱ የወደቁ አሉ። መኪና ውስጥ የቀሩ አሉ። መብራት ጠፍቶ ቤታቸው ውስጥ ብርድ የጨረሳቸው አሉ። በረዶ ሲጠርጉ ልባቸው የቆመ አሉ። አምቡላንስ ደውለው ሳይደርስላቸው የቀሩ አሉ። በቡፋሎ ከተማ ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ናቸው፤ ጥቁሮች በከተማዋ ሕዝብ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በረዶው ሰው አይመርጥም ይባላል። መኪና የሌለው፣ ቤቱ ውስጥ ሂተሩ በደንብ የማይሠራ፣ የሁለት ሳምንት ምግብ ባንዴ ገዝቶ ማስቀመጥ የማይችል፣ ካልሠራ የማይከፈለው ሰው ግን ከበረዶው ጋር የሚገናኘው ውጭ ነው።

መኪና መንዳትን የሚከለክለው ትእዛዝ በሥራ ላይ የዋለው ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የጠዋት ሠራተኛ ሁሉ ሥራው ላይ ነበር። በኋላ ከተነሱት ክርክሮች ዋናው ይህ ነው። እኔም በጉዳዩ ላይ አቋም አለኝ። ትንበያው ከቀናት በፊት ታውቆ ነበር። ትእዛዙ ማታውኑ ቢወጣ ኖሮ አሠሪ «ና» ለማለት፣ ሠራተኛም «አልመጣም» ለማለት አይቸገርም ነበር። እዚህ ያለን አበሾች ብዙዎቻችን በሰዓት የምንከፈል ነን። አረጋውያንን እንንከባከባለን፣ መጋዘን እንሠራለን፣ ታክሲ እንነዳለን። አንዲት እህታችን የዚያን ቀን ሥራ ገብታ ሁለት ሌሊት እዚያው አደረች። ተኪ ሊመጣላት አልቻለም። ልጆቿን ጎረቤት ነበር የያዘላት። በስልክ እያለቀሰች «ቤት ብቀር ኖሮ ከሥራ እባረር ነበር» ስትለን የምንመልሰው ጠፋን።

እኔን ራሴን የገጠመኝ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው። በረዶው ካቆመ በኋላ። እዚህ እንደተለመደው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እኛ ከታች፣ ከላይ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ቡፋሎ የኖሩ አንድ ጋሼ። ጠዋት ወጥቼ መኪናዬ እስከ መስኮቱ ተቀብሯል። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ሞተሩን አስነስቼ፣ ሂተር ከፍቼ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እኔ ከፊት በኩል በአካፋ መዛቅ ጀመርኩ። ጋሼ በረንዳ ላይ ሆነው አዩኝና ጮኹ።

«አንተ ልጅ! ልጆቹን አውጣቸው! አሁኑኑ አውጣቸው!»

የመኪናውን በር ከፍቼ ጎትቼ አወጣኋቸው። ጋሼ በስሊፐራቸው ወርደው ከኋላ በኩል በእጃቸው ቆፈሩ። የመኪናው ጭስ ማውጫ ሙሉ በሙሉ በበረዶ ተደፍኗል። መውጫ ያጣው ጭስ መኪናው ውስጥ ነው የሚገባው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። መጀመሪያ እንቅልፍ ያመጣል። ትንሿ ልጄ ዓይኖቿን እያሸች ነበር። እስከ ዛሬ ያ ነገር በሕልሜ ይመጣል።

ከዚያ ወዲህ አንደኛ የምጠርገው ጭስ ማውጫውን ነው። ቀጥዬ ከቤቱ ጎን የሚወጣውን የፈርነስ፣ ማለትም የቤት ማሞቂያውን፣ ቱቦ አያለሁ፤ እሱም ከተደፈነ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ አደጋ ነው። መንገድ ላይ በረዶ ቢይዘኝ መኪናዬን ትቼ አልሄድም። ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ብቻ አስነሳለሁ፣ መስኮት በትንሹ እከፍታለሁ፣ ጭስ ማውጫውን እየወጣሁ አያለሁ። መኪናው ውስጥ ጋቢ፣ ውሃ፣ በሶና አካፋ አይጠፋም። ሲጠረግ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ነው። በጠዋት ብርድ ከባድ በረዶ ማንሳት ልብን ያስጨንቃል፤ ከ50 ዓመት በላይ ላሉት በተለይ። ጋሼን ስለዚህ አካፋ አላስነካቸውም። ይቆጣሉ፤ ግን አላስነካቸውም።

እሳቸው ጠዋት ሲነሱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይጠይቁም። መጋረጃውን ገልጠው ከማዶ ያለውን ባንዲራ ያያሉ። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሐይቁ ገና አልረጋም። ባንዲራው ወደ ሰሜን ምስራቅ ተወጥሯል።

«ከደቡብ ምዕራብ ነው» አሉኝ። «ማታ ስትመጣ በታችኛው መንገድ አትምጣ። ለዚያች እህታችንም ደውልላት።»

መኪና ውስጥ እንደገባሁ ደወልኩላት።